የሕግ ግምት ወይስ የጨረራ ስሌት? ለጨረራ የተጋለጡ የአሜሪካ ወታደሮች የካንሰር ካሳ ሕጎች ሲመረመሩ

ጁላይ 12 ቀን 1973 ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት በሴንት ሉዊስ አካባቢ በሚገኘው የብሔራዊ ሠራተኞች መዛግብት ማእከል የላይኛው ፎቅ ላይ እሳት ተነሣ። እሳቱን ሙሉ በሙሉ ለማጥፋት ቀናት ፈጀ፤ በመጨረሻም ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርሱ የወታደሮች የግል ማኅደሮች ዐመድ ሆኑ። ከ1912 እስከ 1960 ባለው ጊዜ ከምድር ጦር ከተሰናበቱት ወታደሮች ማኅደር 80 በመቶ ያህሉ በዚያ ሌሊት ጠፍቷል። ቅጅ አልተያዘለትም፣ ማይክሮፊልምም አልተነሣለትም ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቃጠሎው የደረሰበት ወቅት ለአንድ የወታደር ወገን በተለይ የከፋ ነበር። ከ1945 እስከ 1962 አሜሪካ በከባቢ አየር ባደረገቻቸው የኑክሌር ሙከራዎች ላይ የተገኙት ከ200,000 በላይ ወታደሮች፣ ከጨረራ ጋር ሊያያዝ የሚችል ካንሰር በብዛት ሊታይባቸው የሚጀምረው ከተጋለጡ ከዐሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ በመሆኑ፣ የካሳ ጥያቄ ማንሣት የጀመሩት በ1970ዎቹ ነው። ጥያቄያቸውን ሲያቀርቡ የተጠየቁት ማስረጃ ግን ለብዙዎቹ ወይ ከመጀመሪያው ያልተመዘገበ፣ ወይ በምሥጢርነት የተቆለፈ፣ ወይም የተቃጠለ ነበር። ከዚያ በኋላ በአርባ ዓመታት ውስጥ የወጡት ሕጎች በየመግቢያቸው ስለ ካንሰርና ስለ ጨረራ ይናገራሉ። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ግን ሕጎቹ በእርግጥ የሚወስኑት ሌላ ጉዳይ መሆኑን ነው፤ ይኸውም ማስረጃ ሲጎድል ጉድለቱ በማን ላይ እንደሚቆጠር ነው።

በቅድሚያ የመጋለጡን ሁኔታ መመልከት ያስፈልጋል፤ ክርክሩ የሚነሣው ከዚያ ነውና። በጁላይ 1946 በማርሻል ደሴቶች፣ ቢኪኒ በተባለው የኮራል ደሴት፣ ኦፕሬሽን ክሮስሮድስ በሚል ስም ሁለት ቦምቦች ሲፈነዱ 42,000 ያህል ሰው በሥራው ተሰማርቶ ነበር። ሁለተኛው ቦምብ፣ ቤከር የተባለው፣ በውኃ ውስጥ ስለፈነዳ በጨረራ የተበከለው ውኃ ለሙከራ በቆሙት መርከቦች ላይ ወረደ። መርከበኞች ወለሉን በብሩሽና በሳሙና እንዲያጥቡ ተላኩ፤ ብክለቱ አልለቅ ሲል ሥራው በኦገስት እንዲቆም ተደረገ። በክሮስሮድስ ከተሳተፉት ውስጥ የጨረራ መጠን የሚመዘግብ የፊልም ባጅ ቢያንስ አንድ ጊዜ የተሰጣቸው 15 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ባጁ ራሱም ቢሆን የሚለካው በዋነኛነት ከውጭ ወደ ሰውነት የሚመጣውን የጋማ ጨረራ ነበር። በትንፋሽ የገባ ወይም ከምግብና ከውኃ ጋር የተዋጠ ራዲዮአክቲቭ ብናኝ በባጁ ላይ ምልክት አይተውም። ከ1951 ጀምሮ ደግሞ በኔቫዳ በረሃ የምድር ጦር ክፍሎች ምሽግ ውስጥ ሆነው ፍንዳታውን ከተመለከቱ በኋላ ወደ ፍንዳታው ቦታ የሚያመራ ልምምድ ያደርጉ ነበር፤ አቧራውም ከእነርሱ ጋር ይነሣ ነበር። ወታደሮቹ ያዩትን ለማንም እንዳይናገሩ በምሥጢር ግዴታ ተይዘው ነበር፤ ይህ ግዴታ በሕግ የተሻረው በ1996 ነው። እስከዚያ ድረስ ግዴታውን ቃል በቃል የጠበቀ ሰው ለራሱ ሐኪም እንኳ የት እንደነበረ ሊነግረው አይችልም ነበር ማለት ነው።

ፍርድ ቤት የተዘጋ በር ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1950 ፌሬስ በሚባለው መዝገብ በሰጠው ውሳኔ፣ አንድ ወታደር ከአገልግሎቱ ጋር ተያይዞ ለደረሰበት ጉዳት መንግሥትን በፍትሐ ብሔር ኃላፊነት ሊከስ እንደማይችል ወስኗል። ስለዚህ የቀረው መንገድ አስተዳደራዊ ነው፤ ለቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የአካል ጉዳት አበል ጥያቄ ማቅረብ። በዚያ ሥርዓት አመልካቹ ሦስት ነገር ያሳያል፦ አሁን በሽታ እንዳለበት፣ በአገልግሎት ላይ ሳለ አንድ ክስተት እንደደረሰበት፣ እና በሁለቱ መካከል ትስስር መኖሩን። እግሩ ላይ በጥይት ለቆሰለ ሰው ሦስተኛው ነጥብ ቀላል ነው። ካንሰር ግን ፊርማ የለውም። በጨረራ የተነሣ የደም ካንሰርና በሌላ ምክንያት የተነሣ የደም ካንሰር በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሐኪም በአንድ በሽተኛ አካል ላይ ተመልክቶ መንሥኤውን ሊለይ አይችልም። ሊታወቅ የሚችለው በብዙ ሰው ላይ የሚታየው ድግግሞሽ ብቻ ነው።

የክርክሩን አቅጣጫ የቀየረው ጥናትም እንዲህ ያለ ነበር። በኦገስት 31 ቀን 1957 በኔቫዳ የተደረገው ስሞኪ የተባለ ሙከራ 44 ኪሎቶን ጉልበት ነበረው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማእከል ተመራማሪዎች በዚያ ሙከራ ላይ የተገኙትን 3,224 ሰዎች ተከታትለው በ1980 ያወጡት የመጀመሪያ ሪፖርት፣ በአማካይ 3.5 የደም ካንሰር ታማሚ ይጠበቅ በነበረበት ቡድን 9 ታማሚዎች መገኘታቸውን አሳየ። ይህችን ቁጥር ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል፤ የቀጣዮቹ ሕጎች አጠቃላይ አመክንዮ በእርሷ ውስጥ አለና። ከ9ኙ ውስጥ 3.5ቱ ሙከራው ባይኖርም ይታመሙ ነበር፤ ትርፉ 5.5 ነው። 5.5ን ለ9 ብናካፍል 61 በመቶ ያህል እናገኛለን። ይህ በዘርፉ የመንሥኤነት ዕድል የሚባለው ነው፤ ከዘጠኙ አንዱን በዘፈቀደ ብንመርጥ በሽታው ከመጋለጡ የመጣ የመሆኑ ዕድል ከግማሽ ይበልጣል ይባላል። የተገላቢጦሹ ደግሞ ይህ ነው፦ ትርፉ ከመደበኛው ቁጥር በታች ከሆነ፣ ማለትም ሥጋቱ በእጥፍ ካልጨመረ፣ ለእያንዳንዱ ሰው በተናጠል «ይበልጥ የሚመስለው ከጨረራ አይደለም» የሚል መልስ ይሰጠዋል። በዚህ ስሌት ከ100 ታማሚዎች ውስጥ 40ው በእርግጥ በጨረራ ምክንያት የታመሙ ቢሆኑም፣ 100ውም ካሳ ይከለከላሉ።

የስሞኪ ጥናት ያለ ጥያቄ አልታለፈም። እነዚሁ ተመራማሪዎች በ1983 ባወጡት ተከታይ ሪፖርት፣ በዚያው ቡድን የሁሉም ዓይነት ካንሰር ድምር 112 ሲሆን ይጠበቅ የነበረው 117.5 ነበር፤ በአጠቃላይ ሲታይ ጭማሪ የለም። በባጆች የተመዘገበው መጠንም ዝቅተኛ ስለነበር የደም ካንሰሩን ጭማሪ ለማብራራት አይበቃም ተባለ። እንግዲህ ሁለት ንባብ ይቻላል፦ ወይ የዘጠኙ ቁጥር አጋጣሚ ነው፣ ወይ ባጁ የተቀበሉትን መጠን በሙሉ አልመዘገበም። ሕግ አውጪው ከሁለቱ አንዱን በእርግጠኝነት የሚመርጥበት መሣሪያ አልነበረውም፤ ሆኖም መወሰን ነበረበት።

የመጀመሪያው ሁሉን አቀፍ ውሳኔ የተሰጠው በኦክቶበር 1984 በወጣው የዳይኦክሲንና የጨረራ መጋለጥ ካሳ መለኪያዎች ሕግ ነው። (በ1981 የወጣ ሌላ ሕግ ለተጋለጡት ወታደሮች ሕክምና እንዲሰጥ ፈቅዶ ነበር፤ ካሳን ግን አልነካም።) የ1984ቱ ሕግ የመረጠው መንገድ ስሌት ነው። አመልካቹ ማስረጃ ባይኖረው መንግሥት ራሱ መጠኑን ይገምትለታል፤ የወታደሩ ክፍል የት እንደቆመ፣ ነፋሱ ወዴት እንደነፈሰ፣ በቦታው ስንት ሰዓት እንደቆየ፣ በአካባቢው የነበሩ ሌሎች ባጆች ምን እንዳነበቡ ተሰብስቦ የጨረራ መጠኑ እንደገና ይሰላል። ከዚያም መጠኑ፣ የካንሰሩ ዓይነት፣ ሲጋለጥና ሲታመም የነበረው ዕድሜ ተደምሮ የመንሥኤነት ዕድል ይወጣል። ዕድሉ 50 በመቶ ከደረሰ ካሳው ይፈቀዳል። በዚህ መንገድ ከደም ካንሰርና ከአጥንት ካንሰር በስተቀር አብዛኞቹ ካንሰሮች ከተጋለጡ 5 ዓመት ካለፈ በኋላ የታዩ መሆን አለባቸው።

ሥርዓቱ በወረቀት ላይ ለአመልካቹ ቸር ይመስላል። በቀድሞ ወታደሮች ሕግ ውስጥ የቆየ መርሕ አለ፤ ደጋፊና ተቃራኒ ማስረጃ ከተመጣጠነ ጥርጣሬው ለወታደሩ ይጠቀማል። ይህንን መርሕ ወደ ስታቲስቲክስ ለመተርጎም መሥሪያ ቤቱ የመንሥኤነት ዕድሉን አማካይ ግምት ሳይሆን የ99 በመቶ የእርግጠኝነት ወሰን የላይኛውን ጫፍ ይወስዳል። ለምሳሌ የአንድ ሰው አማካይ ግምት 12 በመቶ ቢሆን፣ እርግጠኛ አለመሆኑ ሰፊ ከሆነ የላይኛው ጫፍ 50ን ሊያልፍ ይችላል፤ ያን ጊዜ ጥያቄው ይጸድቃል። ማለትም እርግጠኛ አለመሆን እየሰፋ በሄደ ቁጥር አመልካቹ ይጠቀማል። ሐሳቡ ብልኅ ነው። ነገር ግን የሚሠራው እርግጠኛ አለመሆኑ በታማኝነት ከተለካ ብቻ ነው። የብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ኮሚቴ በ2003 ፕሮግራሙን መርምሮ ያገኘው ትልቁ ችግር ይኸው ነበር፤ የላይኛ ጫፍ ተብለው የተሰጡት የመጠን ግምቶች ብዙ ጊዜ የሚገባውን ያህል ከፍ ያሉ አልነበሩም፣ በፍንዳታው ግፊት ከመሬት እንደገና የተነሣ የቀደመ ሙከራ ብናኝ በትንፋሽ የሚገባበት መንገድም በአግባቡ አልታሰበም። ጥርጣሬው ለወታደሩ ይጠቀማል የሚለው መርሕ በተግባር ሁልጊዜ እንዳልተሠራበትም ኮሚቴው አትቷል። በሌላ በኩል ኮሚቴው ስሌቱ ቢታረምም እንኳ የብዙ ሰዎች ውጤት እንደማይለወጥ ገልጿል፤ የአብዛኞቹ መጠን ከ50 በመቶው መስፈርት እጅግ የራቀ ነውና። ለተሳታፊዎች በአማካይ ይሰጥ የነበረው ግምት 0.6 ሬም ገደማ ሲሆን፣ ለጨረራ ሠራተኞች በዓመት የሚፈቀደው ጣሪያ 5 ሬም ነው። በዚህ መንገድ ያለፉ ጥያቄዎች በጣም ጥቂት ናቸው።

ሌላም የማይዘለል ነጥብ አለ። መጠኑን የሚያሰላው ሙከራዎቹን ያካሄደው የመከላከያ መሥሪያ ቤት ተቋም ነው። ስሌቱ ሆን ተብሎ ይዛባል ማለት አይደለም፤ ለዚህ ማስረጃ አያስፈልግም። ነገር ግን አንድ ተከራካሪ ወገን የጠፋውን ማስረጃ ራሱ እንዲተካ ሲደረግ፣ ውጤቱ ትክክል ቢሆን እንኳ በተቃራኒው ወገን ዘንድ ሊታመን አይችልም። የፍርድ ሂደትን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ይረዳል።

የ1984ቱ ሕግ ከወጣ አራት ዓመት ሳይሞላው ኮንግረስ አቅጣጫውን ለወጠ። በሜይ 1988 የወጣው የጨረራ ተጋላጭ ወታደሮች ካሳ ሕግ ስሌቱን ትቶ የሕግ ግምትን መረጠ። የሕግ ግምት ለአገራችን የሕግ ተማሪ እንግዳ አይደለም፤ በጋብቻ ውስጥ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው የሚለው የቤተሰብ ሕጋችን ድንጋጌ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ሕጉ እንዲህ ሲል የሥነ ሕይወት እውነት መመስከሩ አይደለም፤ ማስረጃ ማቅረብ ከማይችለው ወገን ላይ ሸክሙን ማንሣቱ ነው። የ1988ቱም እንዲሁ ነው። ወታደሩ ጨረራ ባለበት ሥራ ላይ መገኘቱን ካሳየና ሕጉ ከዘረዘራቸው 13 ካንሰሮች አንዱ ካለበት፣ በሽታው ከአገልግሎቱ እንደመጣ ይገመታል። የመጠን ጥያቄ አይነሣም። ግምቱን ማፍረስ የሚፈልገው መንግሥት ተቃራኒ ማስረጃ ያቀርባል። በዝርዝሩ ውስጥ ሥር ከሰደደው የሊምፍ ዓይነት በስተቀር የደም ካንሰር፣ የታይሮይድ ዕጢ፣ የጡት፣ የጨጓራ፣ የቆሽት፣ የጉበት ካንሰርና ሌሎችም ይገኙበታል።

ሕጉ ሲወጣ የጊዜ ገደብ ነበረው፤ በሽታው ከተጋለጡ በ40 ዓመት ውስጥ፣ የደም ካንሰር ደግሞ በ30 ዓመት ውስጥ መታየት ነበረበት። ይህ ገደብ ምን ማለት እንደነበር በአንድ ምሳሌ ይታያል። በ1946 በቢኪኒ መርከብ ያጠበ መርከበኛ የ40 ዓመቱ ገደብ የሚያበቃበት በ1986 ነው፤ ማለትም ሕጉ ከመውጣቱ ሁለት ዓመት አስቀድሞ። በ1987 የጨጓራ ካንሰር የያዘው ሰው ሕጉ ስለ እርሱ የወጣ ቢመስልም ለእርሱ አይሠራም። ለደም ካንሰር በሩ የተዘጋው በ1976 ነበር። ኮንግረስ በ1991 የደም ካንሰሩን ገደብ ወደ 40 ዓመት ከፍ አደረገ፤ በ1992 ደግሞ የጊዜ ገደቡን ጨርሶ ሰርዞ የምራቅ ዕጢንና የሽንት መተላለፊያ ካንሰርን ጨመረ። በ1999 አንድ የሳንባ ካንሰር ዓይነት ተጨመረ። በ2002 መሥሪያ ቤቱ በደንብ የአጥንት፣ የአንጎል፣ የትልቁ አንጀት፣ የሳንባና የኦቫሪ ካንሰርን ሲያክል ዝርዝሩ 21 ደረሰ።

የቀደመው የስሌት መንገድ ግን አልተሻረም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆሙ። ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ካንሰር የያዘው ሰው በስሌቱ መንገድ ያልፋል። ውጤቱን ለማየት በአንድ ምሽግ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ የነበሩ ሁለት ወታደሮችን እናስብ። አንዱ የጨጓራ፣ ሌላው የፕሮስቴት ካንሰር ያዛቸው እንበል። ሁለቱ አንድ አቧራ ተንፍሰዋል፤ የሁለቱም ማኅደር ተቃጥሏል። የመጀመሪያው በቦታው መገኘቱ ከተረጋገጠ ወርኃዊ አበል ያገኛል፣ ቢሞትም ባለቤቱ የተተኪ አበል መጠየቅ ትችላለች። ሁለተኛው የመጠን ስሌት ይጠብቃል፤ ጥያቄውም አብዛኛውን ጊዜ ውድቅ ይሆናል። የፕሮስቴት ካንሰር ከጨረራ ጋር ያለው ግንኙነት ከጨጓራ ካንሰር የደከመ መሆኑ እውነት ነው፤ ስለዚህ ልዩነቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም የልዩነቱ ስፋት ከሳይንሳዊው ልዩነት ጋር አይመጣጠንም። ሳይንሱ በሁለቱ መካከል የሚያየው የደረጃ ልዩነት ነው፤ ሕጉ ግን ለአንዱ የመጠን ጥያቄን ፈጽሞ ትቶ ለሌላው መጠንን ብቸኛ መለኪያ አድርጓል።

የሕግ ግምቱ ተቃዋሚዎች አሉት፤ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። በ2000 የታተመው የአምስቱ ተከታታይ ሙከራዎች ጥናት 70,000 ያህል ተሳታፊዎችን ካልተሳተፉ ወታደሮች ጋር አነጻጽሮ፣ በጠቅላላ ሞትም ሆነ በካንሰር ሞት ልዩነት አላገኘም። የደም ካንሰር ሞት በተሳታፊዎች ዘንድ በ14 በመቶ ከፍ ብሎ ታይቷል፤ ነገር ግን ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ሚዛን ጉልህ አልነበረም። በኔቫዳ በየብስ በተደረጉት ሙከራዎች የተሳተፉት ብቻቸውን ሲታዩ ጭማሪው 50 በመቶ ደርሶ ነበር፤ በባሕር ከተደረጉት ግን ልዩነት አልታየም። ከዚህ የተነሣ፣ በሕግ ግምት ካሳ ከሚያገኙት ወታደሮች አብዛኞቹ ካንሰራቸው ከጨረራ የመጣ አይደለም፣ መንግሥትም ለማያውቀው ጉዳት ይከፍላል የሚል ትችት ይሰነዘራል።

ትችቱ በቁጥር ደረጃ ትክክል ሊሆን ይችላል። ግን ሁለት ነገር ይዘነጋል። አንደኛ፣ የመንሥኤነት ዕድል ራሱ እንደሚታሰበው ጠንካራ መለኪያ አይደለም። ሮቢንስና ግሪንላንድ በ1989 እንዳሳዩት፣ በብዙ ሰው ላይ ከተለካ የበሽታ ድግግሞሽ ብቻ ተነሥቶ ለአንድ ሰው መንሥኤውን በቁጥር መወሰን አይቻልም። ጨረራው አዲስ ታማሚ ከመፍጠር በተጨማሪ፣ በኋላ ይታመም የነበረን ሰው ቀድሞ እንዲታመም ያደርግ ይሆናል፤ ይህ ሁለተኛው በትርፍ ቁጥሩ ውስጥ አይታይም። በትርፉ የተሰላው ዕድል ከእውነተኛው ዝቅ ሊል ይችላል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የሕግ ግምት ተሳስቶ ሲከፍልና ስሌት ተሳስቶ ሲከለክል ስሕተቱ የሚወድቅበት ትከሻ ይለያያል። በአንደኛው ወጪው በግብር ከፋዩ ሕዝብ ላይ ተበታትኖ ያርፋል፤ በሁለተኛው በአንድ በሽተኛና በቤተሰቡ ላይ። ሁለቱም ስሕተት ናቸው፤ ግን ወታደሩ ባጅ እንዳይሰጠው የወሰነው ራሱ አልነበረም።

የሁለቱን መንገድ ልዩነት ከሁሉ ይበልጥ ያሳየው ግን ሙከራ ሳይሆን አደጋ ነው። ጃንዋሪ 17 ቀን 1966 በደቡብ ስፔን ፓሎማሬስ በተባለች መንደር ሰማይ ላይ አንድ ቢ-52 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ነዳጅ ከሚሞላው አውሮፕላን ጋር ተጋጨ። የያዛቸው አራት የሃይድሮጂን ቦምቦች ወደቁ። የኑክሌር ፍንዳታ አልደረሰም፤ ነገር ግን የሁለቱ መደበኛ ፈንጂ ፈንድቶ ፕሉቶኒየም በእርሻዎች ላይ ተበተነ። አራተኛው ቦምብ ከባሕር የወጣው በኤፕሪል ነው። ወደ 1,600 የሚጠጉ የአሜሪካ ወታደሮች የተበከለውን አፈርና የቲማቲም ተክል እየጠረጉ በበርሜል አሽገዋል፤ ከአንድ ሺህ ቶን በላይ አፈር ወደ ሳውዝ ካሮላይና ተጭኖ ሄደ። ፕሉቶኒየም የሚያመነጨው የአልፋ ጨረራ በቆዳ አያልፍም፤ አደጋው በትንፋሽ ሲገባ ነው። ስለዚህ መጠኑ የሚታወቀው በሽንት ምርመራ ነው። ናሙና ተወስዷል፤ ችግሩ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። የአየር ኃይሉ ከፍተኛ ውጤት ያሳዩትን ብዙ ናሙናዎች በቦታው ከነበረው ብክለት የተነሣ የማይታመኑ ናቸው ብሎ ወደ ጎን አደረጋቸው፤ ረዘም ላለ ጊዜ የተከታተላቸው 26 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ለሌሎቹ መጠኑ በአብዛኛው ከአካባቢው ልኬት ተነሥቶ በግምት ተሰላ።

ፓሎማሬስ የቦምብ ሙከራ ስላልነበረ በ1988ቱ ሕግ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ከዝርዝሩ አንዱ ካንሰር ያለበት ወታደር እንኳ በስሌት መንገድ ማለፍ ነበረበት፤ ስሌቱም የተሠራው ከፍተኛዎቹን ልኬቶች ወደ ጎን አድርጎ ነው። ጉዳዩ በቀድሞ ወታደሮች ይግባኝ ፍርድ ቤት በቡድን ክስ ቀረበ። ፍርድ ቤቱ በዲሴምበር 2020 የአስተዳደር ይግባኝ ቦርዱ ስሌቱ ለምን ጤናማ ሳይንሳዊ ማስረጃ እንደሆነ አላብራራም ሲል ጉዳዩን መለሰ። በሴፕቴምበር 2022 የበላይ የሆነው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ደግሞ ቡድኑ የታወቀበትን ውሳኔ ሻረ። ያን ጊዜ ግን ከአንድ ወር በፊት፣ ኦገስት 10 ቀን 2022 የተፈረመው ፓክት የተባለው ሰፊ ሕግ ጥያቄውን በሌላ በር ፈትቶት ነበር። ሕጉ ከጃንዋሪ 17 ቀን 1966 እስከ ማርች 31 ቀን 1967 በፓሎማሬስ የተደረገውን ጽዳት፣ በ1968 በግሪንላንድ ቱሌ አቅራቢያ ከደረሰው ተመሳሳይ የአውሮፕላን አደጋ በኋላ የተሠራውን ሥራ፣ እንዲሁም ከ1977 እስከ 1980 በማርሻል ደሴቶች በኤነወታክ የተካሄደውን የብክለት ጽዳት ጨረራ ያለበት ሥራ በሚለው ትርጉም ውስጥ አስገባ። ስለ ናሙናዎቹ ታማኝነት የተነሣው ክርክር አልተፈታም፤ ዝርዝሩ ውስጥ ያለ ካንሰር ለያዛቸው ግን መፈታቱ አስፈላጊ መሆኑ ቀረ። ከአደጋው እስከ ሕጉ 56 ዓመት አልፏል። በ1966 የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ወታደር ሕጉ ሲወጣ 76 ዓመቱ ነበር።

ከዚህ ሥርዓት ጎን በ1990 የወጣው የጨረራ መጋለጥ ካሳ ሕግም ይጠቀሳል። ይህ በፍትሕ ሚኒስቴር የሚተዳደር ሲሆን ወርኃዊ አበል ሳይሆን የአንድ ጊዜ ክፍያ ይሰጣል፤ በሙከራ ቦታ ለነበሩ ተሳታፊዎች 75,000 ዶላር፣ በነፋስ አቅጣጫ ለኖሩ ሲቪሎች 50,000 ዶላር፣ ለዩራኒየም ማዕድን ሠራተኞች 100,000 ዶላር ነበር። በጁን 2024 ጊዜው አልፎበት ለአንድ ዓመት ያህል ቆሞ፣ በጁላይ 2025 እንደገና ሥራ ላይ ሲውል ክፍያው ወደ 100,000 ከፍ ብሏል። የሚሠራውም እንደ 1988ቱ ሕግ በዝርዝርና በቦታ ነው፤ መጠን አይጠይቅም።

የሕግ ግምቱ የመጠንን ማስረጃ ሲያነሣ አንድ ማስረጃ ግን አላነሣም፤ በቦታው የመገኘትን። ይህን የሚያረጋግጠው ከ1978 ጀምሮ በመከላከያ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው የኑክሌር ሙከራ ተሳታፊዎች ማጣሪያ ፕሮግራም ነው፤ የክፍል ማስታወሻዎችን፣ የመርከብ መዝገቦችን፣ የጉዞ ትእዛዞችን እያገናዘበ። የባሕር ኃይል ማኅደሮች ከሴንት ሉዊሱ እሳት ስለተረፉ መርከበኛው ከምድር ጦር ወታደሩ ይልቅ በቀላሉ ይገኛል። በስሌቱ መንገድ ደንቡ ለዚህ ጉድለት መልስ አለው፦ የወታደር መዛግብት አመልካቹ በቦታው መኖሩንም አለመኖሩንም ካላሳዩ፣ እንደነበረ ይቆጠርለታል። ይህ ራሱ ትንሽ የሕግ ግምት ነው። ነገር ግን በቦታው እንደነበረ የተቆጠረለት ሰው ቀጥሎ መጠኑ ይሰላለታል፤ ማኅደሩ የተቃጠለበት ወታደር የት እንደቆመ፣ ስንት ሰዓት እንደቆየ፣ ባጅ ይኑረው አይኑረው የሚያሳይ ወረቀት ሳይኖር በግምት ይሰላል።